በብሎን የታሰረ አንገት

ይህ ሰው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው በሰው አንገት ላይ ነው። ወፍራሙን፣ ቀጭኑን፣ እንደ በሬ ጫንቃ የተደራረበውን፣ እንደ ተነጨ ዶሮ የተሸበሸበውን ሁሉ ከኋላ ቆሞ አይቷል። ጨርቁ ገና ደንበኛው ትከሻ ላይ ሳይጣል ማጅራቱን አየት ያደርግና «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ነው የወጣው» ይል ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አይስትም። በዚህ ሁሉ ዘመን ዞር ብሎ ያላየው አንገት አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ።

ምላጭ የያዘ ሰው አንገቱን ወደ ግራ ሰብሮ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ነው የሚውለው። እንዲህ እንደዋለ ሸበተ። ከዕለታት በአንዱ ከማጅራቱ ተነስቶ በትከሻው በኩል እስከ አውራ ጣቱ የሚወርድ እሳት ጀመረው። «ብርድ ነው» አለ። ቀጥሎ «ትራሱ ነው» አለ። ከዚያ «ይሄን ፍራሽ ግን የት አገኘሽው?» ብሎ ሚስቱን ተጣላት። ማበጠሪያ ከእጁ እየሾለከ ደንበኛ ጭን ላይ መውደቅ ሲጀምር የሚያሳብብበት ነገር አለቀና ሆስፒታል ሄደ። እዚያም ጉሮሮው ሥር በፊት በኩል ከፍተው ገቡ፤ በአንገቱ አጥንቶች መሐል ያለቁትን ዲስኮች አወጡ፤ በምትካቸው አጥንት ሰኩ፤ በላዩም ጠፍጣፋ ብረት አጋድመው በብሎን አሰሩት። አጥንቶቹ ካሁን ወዲያ ተጣብቀው እንደ አንድ አጥንት እንዲኖሩ ማለት ነው።

የአንገት ድጋፉን አውልቆ ወደ ሥራው የተመለሰ ዕለት፣ ዝም ብሎ ቢመለስ ምን ነበረበት? የለም፤ ራጁን ይዞ መጣና ብርሃን እንዲያሳልፍ የሱቁ መስኮት ላይ ለጠፈው። ነጫጮቹ ብሎኖች ከመንገድ ማዶ ይታዩ ነበር።

«እዩት!» ይላል፣ ማበጠሪያውን እንደ አስተማሪ ዱላ ይዞ። «ድልድይ እንኳን እንዲህ አይታሰርም። እናንተ ናችሁ የምታልቁት እንጂ እኔስ ገና አሁን ተወለድኩ።»

አንገቱ ስለማይዞር ሰው ሲጠራው ከነእግሩ፣ ከነትከሻው፣ ከነጭንቅላቱ ነው የሚዞረው። ያን ጊዜ ነው «ሐውልቱ» የሚል ስም የወጣለት። እሱ እንደሆነ አልከፋውም። «ሐውልት የሚቆመው ለማን ነው? ለትልቅ ሰው ነው» ብሎ ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ፀጉር ቤቱን የመሠረቱት አማቱ ናቸው። ሽማግሌው ሁለት ወንበር ብቻ ተክለው፣ አንድ ሥርዓት ትተው ሞቱ፤ ምላጭ የሚይዘው ሰው የመስኮቱን ወንበር ይይዛል፤ ምላጭ የማይይዘው የውስጡን። የመስኮቱ ወንበር ብርሃን አለው፤ አላፊ አግዳሚው እጁን አንስቶ ሰላም ይለዋል፤ የሰፈሩ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ነው። የውስጡ ወንበር የውሃው በርሜል አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል የሚበራበት ጥግ ነው። በዚያ ጥግ የሚሠራው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከማሽን በቀር በእጁ ነገር አይነካም። ሐውልቱ በዚህ የተነሳ «ትራክተር» ብሎታል። «ፀጉር አያስተካክልም፤ ያርሳል» ይላል። ትራክተሩ የመስኮቱን መስታወት ሲወለውል ባየው ቁጥርም «ርክክቡን እያዘጋጀ ነው» ይላል በሆዱ።

እንግዲህ ሕመሙ ተመልሶ የመጣው ይህ ሁሉ ከተደነፋ በኋላ ነው።

አመጣጡም እንደ ድሮው አልነበረም። ድሮ እሳት ነበር፤ አሁን ከራስ ቅሉ ሥር እንደ ጥርስ ሕመም ይጀምርና ወደ ትከሻው መሐል ወርዶ ይቀመጣል። አንድ ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይከርማል። ሰውየው «በቃ፣ ለቀቀኝ» ብሎ ያፏጫል። በማግስቱ አውቶቡስ አንድ ጉድጓድ ሲዘል፣ ወይ አንዲት ማስነጠስ ስታመልጠው፣ ያ ነገር ቁልፍ ያለው ይመስል በሩን ከፍቶ ይገባል። ማስነጠስን እንደ ጠላት መፍራት ጀመረ። የጫማውን ክር ማየት ስለማይችል ክር የሌለው ጫማ አደረገ። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መጣል ስለማይችል ከብርጭቆው ሥር ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ ይቀራል፤ ያን ቀሪ ሚስቱ ስትደፋው ባየ ቁጥር ይናደዳል፤ በማን እንደሚናደድ ግን አያውቀውም። መንገድ ሲሻገር እንደ ወታደር ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ዙር ይላል። ሥራ ላይ ወንበሩን በእግሩ እየረገጠ ከፍ ያደርገዋል፤ የደንበኛው እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ እሱ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ አንገቱን ሳይሰብር ይሠራል። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ እግሩን እንደ ሕፃን እያወዛወዘ ፀጉሩን ሲቆረጥ ማየት ደስ ይል ነበር።

ሕመሙስ ሕመም ነው። የከፋው ከንፈር መጣጩ ነው። ያ ራጅ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ እያለ «አመመኝ» ቢል ማን ሊያምነው? ገና ትከሻውን ሲጨብጥ ያየው ሁሉ ወደ መስኮቱ ያያል፤ ብሎኖቹ እንደ ጥርስ ተደርድረው ይስቃሉ።

«እንዴ፣ ተጠግኖ የለም እንዴ? ይኸው ፎቶው!» ይላሉ።

ከጎረቤት አንዲት ሴት መጥታ የአጎቷ ልጅ ባል አንገቱን ተቀዶ በሳምንቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ እንደመታ አወራችው። «ታዲያ እሱን አምጪውና እኔን ይምታኝ» አላት። አንድ ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ «ይሄ ነገር ከሐሳብ ነው፤ አታስበው» አለው። ይህን ያለው ሰው ራሱ ጥርሱን ሲያመው ሰፈሩን በጩኸት ያናወጠ ነው። ደንበኛው የሆነው የሰፈሩ ጎማ ሻጭ ግን ሁሉንም በለጠ።

«እኔ የምልህ ሐውልቱ» አለ፣ ፂሙን እየተላጨ፣ «ብሎኑ ላልቶ ይሆናል እኮ። የጎማ ብሎንም ከተሄደበት በኋላ አንድ ጊዜ ይጠበቃል።»

«የላላስ ያንተ ጭንቅላት ነው» አለው ምላጩን ሳያነሳ። «ምን ይሆናል፣ እሱን የሚያጠብቅ ብሎን ገና አልተሠራም። አፍህን ዝጋ፤ ከንፈርህ ላይ ነኝ።»

ሐኪሙ ዘንድም ከሚስቱ ጋር ሄዶ ነበር። ሐኪሙ አዲስ ራጅ አስነስቶ፣ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ደስ ብሎት ተመለከተው።

«አጥንቱ በጣም ጥሩ ይዟል አባባ።»

«ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው? ጎረቤቴ ነው?»

«አጥንቱ ያዘ ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም። ነርቩ ብዙ ዘመን ተጨፍልቆ ኖሯል። ከብረቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች ደግሞ የታሰሩትን ድርሻ ጭምር ስለሚሸከሙ ሥራ በዝቶባቸዋል። ሕመሙ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ጣትዎ ከደነዘዘ ወይ እጅዎ ከዛለ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

ሐውልቱ ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው አንዱን ብቻ ነው። «ሥራ በዝቶባቸዋል ይለኛል እኮ!» አላት ሚስቱን ደጅ እንደወጡ። «አጥንት ቢሮ ገባ እንዴ? ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የተማረው?» የቀረውን፣ ስለ ጣት የተባለውን፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ጥሎት ሄደ።

ጣቱም ደነዘዘ። በቀኝ እጁ አውራ ጣት ተጀመረ። መጀመሪያ እንደ ጥጥ ነገር ሆነ፤ ከዚያ የሌላ ሰው ጣት የተሰካበት መሰለው። በሞቀ ውሃ አሸው፤ በጥርሱ ነክሶ ሞከረው፤ አንዳንድ ቀን ትንሽ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን የለም። ለማንም አልተናገረም። መቀሱም፣ ማበጠሪያውም በልማድ ይሠራሉ፤ ምላጭ ግን በጣት ስሜት ነው የሚሠራው። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ደነዘዘኝ» ያለ ቀን ምላጩን ያስቀምጣል፤ ምላጩን ያስቀመጠ ቀን በአማቱ ሥርዓት መሠረት ወደ በርሜሉ ጥግ ይሄዳል፤ ትራክተሩም በመስኮቱ ወንበር ላይ ይነግሣል። እንዲህ ከሚሆን አፉን ይዞ መኖር መረጠ።

ሚስቱ ግን ዓይን አላት። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ አየችው። የላይኛውን ቁልፍ ሁለቴ ሞክሮ ሦስተኛ ላይ ተወው።

«ና እስቲ ልቆልፍልህ።»

«ሙቀት ነው፤ ክፍት ይሁን ብዬ ነው።»

«ሙቀት? ካፖርት ደርበህ?»

«አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽ እንዴ?»

«አውራ ጣትህ ነው አይደል? ትናንት ትኩሱን ድስት ነክተህ ዝም ስትል አይቼሃለሁ። እኔ ብሆን ጣሪያ እነካ ነበር።»

«እኔ እንዳንቺ ጯሂ አይደለሁም።»

«አዎ፣ አንተ ሐውልት ነህ» አለችው፤ ከአንገቱ ሥር ያለውን ቁልፍ ጥርቅም አድርጋ ቆለፈችና። «ሐኪሙ ምን ነበር ያለው? ና አላለም?»

«እሱ ልጅ የሚለውን ቢያውቅ ኖሮ አንገቴን እንዲህ አያደርገውም ነበር።»

«አንገትህን ምን አደረገው? ለሰው እንደ ድልድይ ታሰረ ትላለህ፤ እኔ ጋ ስትሆን ተበላሸ ትላለህ። እውነቱ የትኛው ነው?»

እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ። በሩን በኃይል ሊዘጋው አስቦ ነበር፤ ማጅራቱ ስላልፈቀደለት ግን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ያን ቀን ከረፋዱ ላይ ዳኛው መጡ። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጭንቅላታቸው ግራና ቀኝ ይንቀጠቀጣል፤ ሳያቋርጥ «አይሆንም፣ አይሆንም» እንደሚል ጭንቅላት ነው። ገና ችሎት ላይ ሳሉ የጀመራቸው ስለሆነ ጠበቆች አፋቸውን ሳይከፍቱ የተከለከሉ እየመሰላቸው ላብ ያጠምቃቸው ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ ፊት በምላጭ የሚላጭ ሰው ሐውልቱ ብቻ ነበር። ሌላው ቢሆን ጭንቅላቱን ጨብጦ ሊያቆመው ይታገላል። እሱ አያቆመውም፤ ሁለት ጣቱን አናታቸው ላይ አሳርፎ ከሳቸው ጋር ይወዛወዛል። ድሮ በአንገቱ ነበር የሚወዛወዘው፤ አሁን በጉልበቱ ነው። አንዱ አንገት አልቆም ያለ፣ ሌላው አልንቀሳቀስ ያለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዳንስ ይመስል ነበር።

«ዛሬ አሳምረህ» አሉ ዳኛው ሲቀመጡ። «የመታወቂያ ፎቶ ልነሳ ነው። ጭንቅላቴን ማቆም ካቃታቸው ፂሜ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ይውጣላቸው።»

«ፎቶ አንሺው ከርስዎ ጋር ይወዛወዝ፤ ምን ቸገረው?»

«እሱ እንዳንተ አልተለማመደም።»

ሐውልቱ ይህን ሲሰማ ልቡ ሞላ። ወደ መስታወቱ ሥር ዞሮ ምላጩን አወጣ፤ ጠፍሩ ላይ አመላልሶ ሳለው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ስለቱ ላይ አጋድሞ ፈተነው። ምላጭ የሚይዝ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ስለት በዓይን አይለይም፤ ጣት ላይ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። አልያዘውም። «ዶልዱሟል» አለ በሆዱ። እንደገና ሳለው። እንደገና ፈተነው፤ ትንሽ ጫን አድርጎ። ምንም የለም። «ይሄ ጠፍር አርጅቷል» አለ፤ ጠፍሩን ሰደበው። ሦስተኛም ሳለ፤ ሦስተኛም ጫን አድርጎ ፈተነ። ከዚያ «ይሁን፣ በእጄ ብልሃት አካክሰዋለሁ» ብሎ ወደ ዳኛው ዞረ። ያን ጠዋት ጠፍሩም፣ ምላጩም፣ የሠራቸው ፋብሪካም ተራ በተራ ተወቀሱ። ወቀሳው አውራ ጣቱ ዘንድ ግን አልደረሰም።

የሳሙናውን አረፋ ቀባ፤ የቀኙን ጉንጭ ላጨ፤ ወደ አገጩ ሥር ወረደ። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወንበሩ ከፍ ብሏል፤ ሐውልቱ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከሳቸው ጋር ይወዛወዛል። በዚህ ጊዜ ከውስጥ ትራክተሩ ማሽኑን አጥፍቶ ጮኸ።

«ጋሼ! ደም!»

ሐውልቱ አየ። ከዳኛው ጉሮሮ ሥር ነጩ አረፋ ቀልቷል። ቅላቱም ይሰፋል።

ምላጩ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ጮኸ። ሰውየው በሕይወቱ ደንበኛ ቆርጦ አያውቅም ማለት ውሸት ነው፤ ጆሮ ጫፍ፣ ብጉር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ቆርጧል። ይህ ግን ጉሮሮ ነው። ፎጣውን አፈፍ አድርጎ የዳኛው አንገት ላይ በሁለት እጁ ተጫነ።

«እ... እ... ምን ነካህ!» አሉ ዳኛው ዓይናቸው ተጎልጉሎ። «አንቀህ ልትገድለኝ ነው?»

«አይንቀሳቀሱ ጌታዬ! አይናገሩ! ቆርጬዎታለሁ!»

«አልቆረጥከኝም፣ አነቅከኝ እንጂ!»

ትራክተሩ ሮጦ መጥቶ ፎጣውን ከእጁ ነጠቀ። የዳኛውን አገጭ ቀና አድርጎ ጠረገ። ቆዳው ንጹሕ ነው። እንደገና ጠረገ። ጭረት የለበትም። ፎጣው ላይ ግን ደም አለ፤ የዳኛው ጨርቅ ላይ ደም አለ፤ ወለሉ ላይም ጠብ ጠብ ብሏል። ትራክተሩ የደሙን ጠብታ በዓይኑ ተከትሎ ቀና ሲል የሐውልቱ እጅ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ... ያንተ ነው። አውራ ጣትህን እየው።»

ሐውልቱ ቁልቁል ማየት አይችልም። እጁን እስከ ዓይኑ ድረስ አነሳው። የአውራ ጣቱ ሆድ ተከፍቷል፤ አንዱ ቁስል በሌላው ላይ ተደርቧል፤ ደሙ በክንዱ በኩል ወደ ክርኑ ይወርዳል። ዓይኑ እያየ እንኳን አላመመውም።

ትራክተሩ ጥጥና ጨርቅ አምጥቶ ጣቱን ጠቀለለለት። ዳኛው በአንድ ጉንጫቸው ተላጭተው፣ በሌላው እንደ በረዶ ነጭ ሆነው፣ ከወንበሩ ላይ ቁልቁል ያዩታል። ጭንቅላታቸው «አይሆንም፣ አይሆንም» ይላል።

«ይሄ ጣትህ ይሰማሃል?» አሉት።

«ደህና ነው ጌታዬ፤ ትንሽ...»

«ይሰማሃል ወይስ አይሰማህም? ሌላ አልጠየቅሁህም።»

ሐውልቱ ወደ መስኮቱ ሊያይ ፈለገ፤ አንገቱ አልዞር አለ። በሌላ ጊዜ ከነእግሩ ይዞር ነበር፤ አሁን ግን እግሩም እንቢ አለው።

«አይሰማኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከርሟል።»

«ማለትም ባለፈው ስትላጨኝም አይሰማህም ነበር?»

«አንዳንድ ቀን ይሰማኛል።»

«አንዳንድ ቀን!» ዳኛው ሳቅ አሉ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የምቀመጠው 'አንዳንድ ቀን' ብዬ ነው? የማይረባ ሐኪም፣ የማይረባ ጎረቤት፣ የማይረባ ጎማ ሻጭ ስትል ሰምቼሃለሁ፤ ሁሉንም ስትንቅ ስቄልሃለሁ። ይሄ የንቀትህ ትርፍ መሆኑ ነው? በማይሰማ ጣት ጉሮሮዬ ላይ መቆም?»

ሐውልቱ ሰው ሲንቅ እንጂ ሲናቅ አያውቅም ነበር። አንዲት ቀልድ ፈለገ፤ አልመጣችለትም።

«ዝም ያልኩት...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ ትራክተሩን በእጁ አመለከተው። «ለዚህ ወንበሬን ላለመስጠት ነው። ቁርጡን ልንገርዎት። ለዚህ።»

ትራክተሩ ዓይኑን አፈጠጠ። «ለኔ?»

«መስታወቱን ስትወለውል አላየሁህም? መቼ ይወድቃል ብለህ ስትጠብቅ?»

«እኔ የመስኮቱን ወንበር? ጋሼ ሙት! እዚያ ቆሜ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ሰላም ስል ልውል? እኔ እኮ ሰው አልወድም!» ማሽኑን ከፍ አድርጎ አሳየው። «ይቺን የያዝኩት ድምጿ ከወሬ ስለሚገላግለኝ ነው። መስታወቱን የምወለውለው የእጅህ አሻራ ስላለበት ነው፤ ሌላ ማን ይወልውለው? አንተ ጎንበስ አትል!»

ሐውልቱ ይህን ሁሉ ወር ጣቱን የደበቀው፣ ሕመሙን ውጦ ያደረው፣ ማንም ሊወስድበት ያልፈለገውን ወንበር ሲጠብቅ ነው።

«ሁለታችሁም» አሉ ዳኛው፣ «የቤተሰብ ጉባኤውን በኋላ ታደርጋላችሁ። እኔ ግማሽ ፂም ይዤ ፎቶ ቤት አልሄድም። ማነው የሚጨርሰው?»

ትራክተሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ ምላጭ አልይዝም። አባቴ ካስተማሩኝ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

«አስተምረውሃል?» አለ ሐውልቱ።

«አስተምረውኛል። አንተ ስላለህ ማን ይጠይቀኛል?»

«ያዝ» አለው ሐውልቱ። ከወለሉ ማንሳት ስላልቻለ በእግሩ ወደ እሱ ገፋው። «እጠበው፤ በአልኮሉ ጥረገው። ስለቱን እኔ አልፈትነውም፤ አንተ ፈትነው።»

ትራክተሩ ስለቱን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ይሄማ እንደ እሳት ነው!» አለ። ዶለዶመ የተባለው ምላጭ ይኸው ነበር።

ከዚያ የመጣው መከራ ነው። ትራክተሩ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ቀረበ። የዳኛውን አናት ጨብጦ ሊያቆም ሞከረ።

«አታቁማቸው!» አለ ሐውልቱ። «አብረህ ሂድ! እንደ ጀልባ ላይ ሰው!»

«ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም።»

«ቆዳውን ወጥር! ወደ ታች፣ ወደ ታች! ማጨድ አይደለም!»

«ጋሼ፣ እባክህ ዝም በል። እጄን የሚያንቀጠቅጠው ያንተ ድምፅ ነው።»

«እስቲ ዝም በለው» አሉ ዳኛውም ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ። በዚያ ወንበር ላይ ዓይናቸውን ገልጠው ሲላጩ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው።

ሐውልቱ ዝም አለ። ዝም ማለት ከሕመሙ ይልቅ ከበደው። ትራክተሩ ቀስ ብሎ፣ እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ሙያ በሌለው ግን ጥንቃቄ በሞላው እጅ ላጨ። ሲጨርስ ዳኛው ጉንጫቸውን ዳበሱ።

«አልቆረጠኝም» አሉ። «ከዚህ በላይ አልመሰክርም።» ወደ ሐውልቱም ሳያዩ ጨርቁን አውልቀው ወጡ።

ሐኪሙ ዘንድ የሄደው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሚስቱ ክንዱን ይዛ። ሐኪሙ ዓይኑን አስጨፍኖ ጣቶቹን በመርፌ ጫፍ ነካካ።

«አሁን የቱን ነው የነካሁት?»

«ማንኛውንም አልነካህም።»

«አሁንስ?»

ሚስቱ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ። ከብረቱ በላይ ያለው መገጣጠሚያ ማለቁን፣ ነርቩን መጫኑን፣ ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ይሻል እንደነበር ነገረው። በመርፌ መድኃኒት ይሞከራል፤ ካልሆነ ደግሞ እንደገና ይቀደዳል። ጣቱ ምናልባት ትንሽ ይመለሳል፤ ምናልባትም አይመለስም። ሕመሙ ግን እየሄደ እየመጣ አብሮት ይኖራል።

«ምላጭስ?» አለ ሐውልቱ።

«ምላጭ አይሆንም አባባ።»

ሐውልቱ በዚህ ልጅ ላይ የሚወረውረው ስድብ ቀድሞም አያጣም። ያን ቀንም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና «ብዬህ ነበር እንዳትለኝ ብቻ» አለው።

«አልልም» አለ ሐኪሙ፤ እንዳለውም ያህል ነበር።

ወንበሩን ራሱ ቀየረ። መቀሶቹንና ማበጠሪያዎቹን ወደ በርሜሉ ጥግ አዛወረ፤ ትራክተሩም እንደ ተቀጣ ሰው ፊቱን ጥሎ ማሽኑን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ሐውልቱ ጥጉን ጠላው። አምፖሉን ሰደበው፤ በርሜሉን ሰደበው፤ ትከሻው መሐል የሚቀመጠውንም ነገር ሰደበው። ሦስቱም መልስ አልሰጡትም።

ዳኛው ከከረሙ በኋላ ተመልሰው መጡ። ሰላም ሳይሉት የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ሐውልቱ የጎማ ሻጩን ፀጉር እየቆረጠ ነበር፤ ጀርባው ለመስኮቱ ነው፤ ከፊቱ ያለው መስታወት የሚያሳየው በርሜሉን ብቻ ነው። ምላጭ ጠፍር ላይ ሲመላለስ ሰማ። አንገቱ ዞሮ እንዲያይለት አዘዘው፤ አልታዘዘም። ራሱ ከነእግሩ ቢዞር ሊሰልል እንደሆነ ይታወቅበታል። ስለዚህ የወንበሩን ማጥበቂያ ለቀቀና ወንበሩን ከነጎማ ሻጩ ቀስ እያለ አዞረው። እሱም መቀሱን ይዞ አብሮ ዞረ።

«ኧረ! መስታወቱ እኮ በዚያ በኩል ነው!» አለ ጎማ ሻጩ።

«ፊትህን ስንት ጊዜ ታየዋለህ? አይለወጥም። ብርሃን ፈልጌ ነው።»

አሁን ያያል። ትራክተሩ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ከዳኛው ጭንቅላት ጋር እየተወዛወዘ ነው። እየላጨ ነው። ዳኛው ዓይናቸውን እንደ ገለጡ ናቸው፤ ትከሻቸው ግን ለቀቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ አይቼሃለሁ» አለ ትራክተሩ ዓይኑን ከምላጩ ሳያነሳ።

«ሥራህን ሥራ! ከጆሮ ሥር ትተሃል!»

ከጆሮ ሥር የተተወ ነገር አልነበረም። እሱ ግን ሳይናገር ማለፍ አይሆንለትም። አፉን ለሌላ ስድብ ሊከፍት ሲል ከራስ ቅሉ ሥር ያ ነገር ተነሳና እስከ ትከሻው ወረደ፤ መቀሱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ የወንበሩን ጀርባ ጨበጠ። ጎማ ሻጩ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው።

«ሐውልቱ፣ ምነው? አመመህ እንዴ?»

ትራክተሩ ምላጩን ከዳኛው ፊት ላይ አነሳ። ዳኛውም አዩት። ሐውልቱ ሕመሙ ያልፋል ብሎ ጠበቀ፤ አላለፈም።

«አዎ፣ አመመኝ» አለ። «አንተ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።»